ተሟጋች ያጡት መምህር ሸዋዓለም

ተከራካሪ የሌለበት ሰፈር የለም። መብራት የሌለበት ሰፈር ይኖራል፤ ቧንቧው ደርቆ የሚከርም ሰፈርም ይኖራል፤ «አይደለም» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። እንዲህ ያለው ሰው «ዛሬ ብርድ ነው» ሲሉት ብርድና ቁር እንደሚለያዩ ያስረዳል። «ደህና አደሩ?» ሲሉት ደህና ማደር ምን ማለት እንደሆነ መልሶ ይጠይቃል። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህ ማዕረግ የክቡር መምህር ሸዋዓለም ነበር። ሰጪው ማን እንደሆነ ባይታወቅም የተሻማቸው ሰው የለም።

መምህር ሸዋዓለም ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የማይቀበሉትን ነገር ሁሉ «ይኼማ ውሃ አያነሳም» ይሉታል፤ የሚቀበሉት ነገር ደግሞ ገና አልተገኘም። ሐኪም ደም ግፊታቸውን ለክቶ ከፍ ብሏል ቢላቸው፣ ከፍ ያለው ከተማው ነው ብለው ከባሕር ጠለል ጀምረው አስረዱት። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ስለ ሟቹ ዕድሜ ከገዛ ልጆቹ ጋር ተከራክረው፣ ሟቹን ከታናሽ ወንድሙ አሳንሰውት ወጥተዋል። እንግዳ ይዘው ጋፋት የሄዱ ጊዜም አስጎብኚው መድፉ የተሠራው እዚህ ነው ሲል፣ እሳቸው እንግዶቹን ሰብስበው ወደ ሌላ ማሳ ይዘዋቸው ሄዱ። እዚያ ከጤፍ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ጤፉ ራሱ ማስረጃ ነው አሉ።

ከግቢያቸው አንዲቱን ክፍል የተከራየችው እፀገነት የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የገበያ ባለሙያ ናት። ትውልዷ ከጉና ሥር ነው። አባቷ አቶ ይሻው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት እንጂ መመለስ ነውር መሆኑን እየነገሩ ነበር፤ እሷም ይህን በደንብ ሰምታ አደገች። ቤቱን በተከራየች ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ምክር ሰጣት፤ መምህር ሲናገሩ «እሺ» ብለሽ እለፊ አሏት። ለእፀገነት ይህ ምክር ሳይሆን ተፈጥሮዋ ነበር።

ነገር የመጣው በፈተናው በኩል ነው። ናይሮቢ ያለ አንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ለዚያ የሚያበቃው ደግሞ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ነው። የሒሳቡ ክፍል አላስቸገራትም። ያቃታት ቨርባል የሚሉት የቋንቋው ክፍል ነው። ዓምና በሱ ምክንያት ዕድሉ አምልጧታል፤ ዘንድሮም ካመለጣት የዕድሜ ገደቡ ይዘጋባታል። እንግሊዝኛዋ ደካማ ሆኖ አይደለም። ፈተናው አጭር ክርክር ያቀርብና ይህን ክርክር የሚያዳክመው የትኛው ነው ብሎ አምስት ምርጫ ይሰጣል። እፀገነት ክርክሩን ስታነበው ልክ ይመስላታል። ምርጫዎቹን ስታነብም አምስቱም ልክ ይመስሏታል። የታተመን ነገር ስህተት ነው ማለት፣ ታላቅን ፊት ለፊት ዋሹ የማለት ያህል ይከብዳት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ስታጠና መምህር ሸዋዓለም መጥተው ምን እንደምታነብ ጠየቁ። ነገረቻቸው። የሰውን ክርክር ማፍረስ የሚያስተምር መጽሐፍ በዓለም ላይ መኖሩን ሲሰሙ፣ የጠፋ በሬውን ደጁ ቆሞ ያገኘ ገበሬ መሰሉ። ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ በአንድ ከተማ የመንገድ መብራት ከተተከለ ወዲህ ሌብነት ቀንሷል፤ ስለዚህ ሌብነቱን የቀነሰው መብራቱ ነው ይላል። መምህር የከተማውን ስም ጠየቁ። አልተጠቀሰም አለቻቸው። ስሙ ባልታወቀ ከተማ ሌባው እንዴት ይታወቃል ብለው ጥያቄውን አልቀበልም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበረንዳው አልጠፉም። ለየጥያቄው መልስ ይመርጣሉ፤ የሚመርጡት ሁልጊዜ የተሳሳተውን ነው፤ ሲመርጡ ግን ቅንጣት ጥርጣሬ የለባቸውም። እፀገነት ትክክለኛውን መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ ብታየውም «እሺ ጋሼ» ብላ ታልፋለች። የፈተናው ቀን እየቀረበ፣ የልምምድ ውጤቷም ቁልቁል እየሄደ መጣ።

የድንቹ ጥያቄ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። አዲስ የድንች ዘር የዘሩ ገበሬዎች አሮጌውን ከዘሩት የበለጠ አምርተዋል፤ ስለዚህ አዲሱ ዘር የተሻለ ምርት ይሰጣል ይላል። መምህር ሳያመነቱ ሦስተኛውን ምርጫ ጠቆሙ፤ አዲሱ ድንች ቶሎ አይበስልም የሚለውን። እሳቸው ራሳቸው በልተውታል፤ ለምሳ የተጣደው ለእራት ነው የደረሰው። ስለ ማገዶውም ብዙ ተናገሩ።

እፀገነት ያደገችው ድንች ከሚበቅልበት ነው። አዲስ ዘር ሲመጣ መጀመሪያ ማን እጅ እንደሚገባ በዓይኗ አይታለች። «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለ።

«ተሳስተዋል ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የተጠየቀው ስለ ምርቱ ነው፤ ስለ መብሰሉ ማንም አልጠየቀም። አዲሱን ዘር የዘሩት ለም መሬት ያላቸው ብቻ ከሆኑ፣ ያመረተው ዘሩ ይሁን መሬቱ በምን ይታወቃል?»

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። መጽሐፉን አዩት፤ እሷን አዩዋት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

እፀገነት ቤት ልቀቂ የሚሏት መሰላት። ከዚያ በላይ የከነከናት ግን የሽማግሌ ፊት ማሳፈሯ ነው። ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ለማማከር ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ውዴ ወጥ ቤት ሄደች። እትዬ ውዴ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱም እጃቸው አላቋረጠም።

«ይቅርታ እንዳትጠይቂው» አሏት። «ተማሪዎቹ እያሉ ይመልሱለት ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እኔም እሺ እለዋለሁ፣ ጎረቤቱም እሺ ይለዋል። እሺ ማለት እኮ ሂድልኝ ማለት ነው። እሱ ይኼን የማያውቅ መስሎሻል?»

በማግስቱ መምህር ሸዋዓለም የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው መጡ። ስለ ድንቹ ሲያስቡ ነው ያደሩት፤ ሦስት መከራከሪያ ይዘዋል። እፀገነት ሦስቱንም አንድ በአንድ አፈረሰችባቸው። ሲሸነፉ አልተቆጡም፤ ፊታቸው እያበራ «ቀጥይ» አሏት። ከዚያ ወዲያ በረንዳው ችሎት ሆነ። እሳቸው የማይያዝ ቅርንጫፍ እየያዙ፣ እሷ ከሥሩ እየቆረጠችባቸው ብዙ ቀናት አለፉ። በመጽሐፉ ስላለ አንድ የዓሣ ፋብሪካ ክርክራቸው ሲጋጋል፣ ጎረቤቶች ተጣሉ ብለው ሊገላግሉ የመጡበት ጊዜም ነበር።

ፈተናውን አዲስ አበባ ሄዳ ወሰደች። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ እያንዳንዱን ምርጫ ስታነብ፣ መምህር ሸዋዓለም የትኛውን እንደሚይዙ ወዲያው ይታያት ነበር፤ እሱን ሰርዛ ወደ ቀረው ታልፋለች። ውጤቱ ከጠበቀችው በላይ ሆኖ መጣ፤ ትምህርት ቤቱም ተቀበላት። ስታሳያቸው መምህር ውጤቱን አልተቀበሉትም። አንሷል፤ ይግባኝ በይ አሏት። ይህ ፈተና ይግባኝ እንደሌለው ልታስረዳቸው ግማሽ ቀን ፈጀባት።

የጉዞዋ ቀን ማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በመኪና፣ ከዚያ በአውሮፕላን ነው የምትሄደው። በግራ በኩል ተቀመጪ፤ ፀሐይ የምትመጣው በቀኝ ነው አሏት። እሷ አይደለም አለች፤ እስከ ወረታ ፀሐይዋ ከኋላ ናት፤ ወረታ ላይ መኪናው ወደ ደቡብ ሲታጠፍ በግራ ትመጣለች። መምህር የመሬትን ዘንበል ማለት አነሡ። እሷ የመሬት ዘንበል ማለት ምሥራቅን ምዕራብ አያደርገውም ብላ መለሰች። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ገና አልተቋጨም ነበር፤ ደህና ሁኚም ደህና ይሁኑም ሳይባባሉ መኪናው ወጣ።

እፀገነት በቀኝ ተቀመጠች። ወረታን ሲያልፉ በግራ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ መጋረጃ ሳቡ። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ በግራ ነው የመጣችው።»



«እኔ መቼ ስለ መሄጃው ተናገርኩ?» አሉ መምህር ሸዋዓለም። «ያልኩት ስለ መመለሻው ነው። በማለዳ ከባሕር ዳር ስትነሺ ፀሐይዋ በቀኝ ናት። በግራ ነው የምትቀመጪው።»

እፀገነት አሰበችው፤ ልክ ነበሩ። ክርክሩ የሚፈርስበትን ቀዳዳ ከልማዷ ፈለገች፤ አላጣችውም። ማለዳ መናኸሪያው ላይ ስለ መመለስ ያነሣ ሰው አልነበረም። ያን ግን ሳትናገር ተወችው።

«በግራ እቀመጣለሁ ጋሼ» አለቻቸው።