ዜና ሽታሁን ዘብቸና፦ ወሬን ከአክሲዮን አዳራሽ ባባረረ ጊዜ የደረሰበት

በዘመነ ማርቆስ፥ መስከረም ጠብቶ የብቸና ጭቃ ገና ሳይደርቅ፥ ሽታሁን በቴሌግራም በነገሠ በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ሆነ። ይህ ሽታሁን ቀን የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ፥ ከሥራ መልስ ግን «አክሲዮን ዘምሥራቅ ጎጃም» የተባለው ቡድን አድሚን፥ አባል አስገቢ፥ መልእክት ሰራዥ፥ የባንክ ሪፖርት ተርጓሚ ነበረ። ግዛቱም ከዓባይ ድልድይ እስከ ሞጣ ነበረ፤ ያደሩለትም አክሲዮን የገዙ መምህራን፥ ሊገዙ ያሰቡ ነርሶች፥ የሞጣ እህል ነጋዴዎች፥ የቅኔ መምህሩ የኔታ ሀብተ ሥላሴ፥ ደግሞም ለምን እንደገቡ የማያውቁ ብዙ ሕዝብ ነበሩ።

ወእምዝ ሕዝቡ አክሲዮኑን ትቶ ወሬ አበዛ። ዳምጤ የተባለ ነጋዴ የጠፋች በቅሎውን ፎቶ ለጠፈ፥ አንዲት መምህርት የወገብ ሕመም መድኃኒት ጠየቀች፥ ሌላው አበባ ያለበት «መልካም ቅዳሜ» ላከ። ሽታሁንም ስለ ባንክ ትርፍ የጻፈው ረጅም ትንታኔ በበቅሎዋና በአበባው መካከል ተውጦ በቀረ ጊዜ፥ ቁጣው ነደደ፥ አዋጅም አስነገረ፦

«ስማ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ይህ የአክሲዮን አዳራሽ ነው እንጂ የወሬ መዋያ አይደለም። ከአክሲዮን ውጭ ያወራ ይሰረዛል፤ የደገመ ይባረራል። ወሬ ያማረው ጓዳ ይግባ!»

በንቀትም «ጓዳ» የሚባል ሌላ ቡድን ከፈተ፥ ወሬ ወዳዷን የሞጣ ነርስ ስንዱንም ሾመባት፥ ራሱም ከዚያ ወጣ።

በዚያም ሳምንት ታላቅ ፍልሰት ሆነ። ሕዝቡ በቅሎውንም አበባውንም ይዞ ጓዳ ገባ፥ ወደ አዳራሹም አልተመለሰም። ሽታሁን በአዳራሹ ቢጽፍ ከአንድ አውራ ጣት በቀር መልስ አላገኘም፤ አውራ ጣቱም የራሱ ነበረ። ይባስ ብሎ የአክሲዮኑ ወሬ ራሱ ጓዳ ገብቶ፥ በወገብ ሕመምና በእግር ኳስ መካከል ይመከርበት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ባለቤቱ የትናየት የወለደች እኅቷን ልታርስ ወደ መርጡለ ማርያም ሄዳ ነበር። ሲሸኛትም «ሽሮ መሥራት ማንን ያቅተዋል?» ብሎ ፎክሮ ነበርና፥ ሽሮው ሲጓጉልበት፥ ድስቱም ሲያርበት፥ ደውሎ መጠየቅ አፈረ። ዳቦ በሻይ እየበላ ሰነበተ። ቤቱም አዳራሹም ጭር አለበት። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ «ያች በቅሎ ተገኝታ ይሆን?» ብሎ አሰበ፥ የሚነግረውም ሰው አጣ።

ያን ጊዜ ክብሩን ዋጥ አድርጎ ጓዳን አንኳኳ። ስንዱም ከበሩ ሆና አወጀች፦

«የአዳራሹ ጌታ ይስሙ! እዚህ አክሲዮን ብቻ ይዞ የመጣ አይገባም። የቤትዎን ጉዳይ ይናገሩና ይግቡ።»

ሽታሁን ሲጽፍ ሲያጠፋ ቆይቶ፥ ላከው፦ «ሽሮዬ ጓጎለብኝ።»

ወዲያው የምክር ሠራዊት ዘመተ። መምህራኑ «እሳቱን ይቀንሱ» አሉ፤ ነርሶቹ «ጨው አያብዙ» አሉ፤ ነጋዴዎቹ «ዱቄቱን አስቀድመው በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡት» አሉ፤ በቅሎው ሞጣ ገበያ የተገኘችለት ዳምጤም «ቅቤ! ቅቤ!» እያለ በድምፅ መልእክት ፎከረ። ሽታሁን በግራ እጁ ስልኩን፥ በቀኙ ማማሰያውን እንደ ጦር ይዞ ገጠመ። ሽሮውም እጅ ሰጠ፤ ሳይጓጉል ተንተከተከ። ፎቶውን ባሳየ ጊዜ ጓዳው በእልልታ ተናወጠ፥ እርሱም እንጀራውን ይዞ ብቻውን ሳቀ።

በልቶም ሲያበቃ ሁለተኛውን አዋጅ አስነገረ፦

«ጓዳ የሌለው አዳራሽ እንግዳ አያስተናግድም። የፊተኛውን አዋጅ ሽረናል። ሁለቱ ቤት አንድ ቤት ነው፤ መግቢያውም በጓዳ በኩል ይሁን።»

የኔታ ሀብተ ሥላሴም «ሽታሁን አዋጁን ሽሮ በላ» ብለው ተቀኙ፤ ሰም የሰማ በወጡ ሳቀ፥ ወርቁን ያገኘ በተሻረው ሕግ ሳቀ።

የትናየት ግን መርጡለ ማርያም ሆና ጓዳ ውስጥ ሁሉን ስታነብ ሰንብታ ነበርና፥ በመጨረሻ እርሷም አወጀች፦ «ማንንም እንደማያቅተው አይቻለሁ። ስመለስም አንተ ትሠራለህ።»

ኦ ሽታሁን፥ ድል አድራጊው ዘብቸና፥ ገበያን የተነተነ፥ የጓጎለ ሽሮን የበታተነ፥ ተሸንፎ ሕዝቡን የመለሰ! ዝናው ከዓባይ ማዶ ይሰማ፤ ማማሰያውንም ከዚያ ቀን ወዲህ አላስቀመጠም፥ አልተፈቀደለትምና።