የክፉ ሰው ልጅነትና የዕድራችን ድንኳን

ድንኳን ማለት ከሸራ፣ ከብረት ቋሚና ከገመድ የሚሠራ፣ በር እንጂ ቁልፍ የሌለው፣ ሰው እስኪሞት ድረስ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጣጥፎ የሚተኛ ቤት ነው። ለሠርግም ይተከላል የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። የሠርጉ ግን ኪራይ ነው፤ የዕድሩ ድንኳን የራሳችን ነው። ሰው ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ቁልፍ ሲረከብ ቤት የገባ ይመስለዋል። አልገባም። የገባው ዕድር የገባ ቀን ነው።

ስለ ድንኳን ይህን ካልኩ፣ አሁን ስለ ጃፓን ካርቱን ላውራችሁ። ይገናኛሉ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ልጄ ቤዛ የምትሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስታስተናግድ ውላ፣ ከታክሲ ግፊያ ተርፋ ቤት ስትገባ ላፕቶፗን ትከፍታለች። አንድ ቀን "ካርቱን" ብላት ተቆጣችኝ። "አባዬ፣ አኒሜ ነው። ካርቱን የሕፃናት ነው።" ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝና ስም ሲታረም እቀበላለሁ። አኒሜ። አጠገቧ ተቀምጬ ማየት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል።

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ውጊያው ሳይሆን ሥርዓታቸው ነው። ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ገጥመው ያመሰግናሉ። ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ። ይቅርታ ሲጠይቁ ግንባራቸው መሬት ይነካል። ይህ ሁሉ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም፤ የጎረቤት አገር ነው ብትሉኝ አምን ነበር። ባዕድ የሆነብኝ ዝምታቸው ነው። በጨዋታው መሃል ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም። ደመና ይሄዳል፣ ቅጠል ይወድቃል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። እኔ ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ነበር። ቤዛ ግን ዝምታው ሆን ተብሎ የተተወ ቦታ ነው አለችኝ፤ ተመልካቹ የራሱን ስሜት እንዲያስቀምጥበት።

ሁለተኛው የገረመኝ የክፉው ሰው ጉዳይ ነው። ክፉው ሰው ከተማ ያቃጥላል፣ ወዳጁን ይከዳል፣ በመጨረሻም ሰይፍ አንገቱ ላይ ይደርሳል። "በለው!" ልል ስል ታሪኩ ይቆምና የሰውዬው ልጅነት ይጀምራል። በረዶ ላይ ብቻውን የቆመ ሕፃን። ሄዳ ያልተመለሰች እናት።

"ሰውዬው ከተማ አቃጥሏል እኮ! የእናቱ ነገር አሁን ምን ይሠራል?" አልኳት።

"መምታቱ ብቻ አይበቃም፣ አባዬ። ማንን እንደምትመታ ማወቅ አለብህ።"

ይህን እያሰላሰልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። መጨረሻውን አላየሁም። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

የሕንፃችን ዕድር ዳኛ እኔ ነኝ። ዳኛ ስላችሁ ካባ የለበሰ እንዳይመስላችሁ፤ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲንጫጫ ጠረጴዛ በእስክሪብቶ የሚመታ ሰው ነው። በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰበሰብን። አጀንዳው አንድ ነበር፦ ታደለን ከዕድር መሰረዝ።

ታደለ አቃቂ በሰቃ ብየዳ ቤት አለው። ሰላምታው ሙሉ፣ ወሬው ጎዶሎ የሆነ ጎልማሳ ነው። ጥፋቱ ግልጽ ነው፤ ቀብር ይሄዳል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ድንኳን ሲተከል ግን የለም። ግቢያችን ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ቋሚ መቅበር አይቻልም፤ ገመዱ እስኪወጠር ወንዶቹ ቋሚውን ይዘው ይቆማሉ። ታደለ አንድም ቀን ይዞ አያውቅም። ደንቡ "ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል" ይላል፤ እሱ አምስት ጊዜ ቀርቷል። ክፋቱ፣ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት እናት አሉት። እሱ ዛሬ ከተሰረዘ፣ ነገ ለእሳቸው ድንኳን የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ፊቱን አያይም።

ከሳሹ ባለሱቁ ነስሩ ነው፤ የድንኳን ኀላፊያችን። ሟቹ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሳይል ሱቁን ዘግቶ የሚሮጥ ነውና፣ ሲቆጣ ያምርበታል።

"እኔ ደጄን ዘግቼ ቋሚ ስይዝ እሱ የት ነው? ጋሼ፣ እጅ ይውጣና እንገላገል!"

እጆች ሊወጡ ሲሉ በረዶ ላይ የቆመው ሕፃን ትዝ አለኝ። "እጅ ከመውጣቱ በፊት፣ ታደለ ልጅነቱን ይንገረን" አልኩ።

"ምኑን?" አለ ነስሩ።

"ልጅነቱን።"

"ጋሼ፣ የቀረው እኮ በልጅነቱ አይደለም!"

ሁሉም ሳቀ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት የእኛ አባቶች ናቸው እንጂ ጃፓኖች አይደሉም፤ እኛ ግን ተረቱን ተርተን ስናበቃ ሥሩን ለማየት ሰዓት አይተርፈንም።

ታደለ አልሳቀም። ዝም አለ። በእኛ ስብሰባ የዝምታ ዕድሜ አጭር ነው፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው "እሺ ይቀጥል" ይላል። እኔ ሊከፈት የሚዳዳውን አፍ ሁሉ በዓይኔ ዘጋሁ። ደመና ሄደ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ተሳቢ መኪና አለፈ። ከሦስተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል። ጠበቅን።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አለ ታደለ። "አባቴ ሞተ። ወንድ አነሰና አንዱን ቋሚ ለእኔ ሰጡኝ። ንፋስ መጣ፣ ከእጄ አመለጠ። ድንኳኑ ለቀስተኛው ላይ ወደቀ። አንዱ 'አባቱን ሁለቴ ቀበረው' አለ። ሰው ሳቀ። ብረት ስበይድ እጄ ይታዘዘኛል። የድንኳን ቋሚ ስይዝ ግን እንቢ ይለኛል።"

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ነስሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?" አለው።

"ማን ጠየቀኝ?"

እጅ አልወጣም። በሁለተኛው ሳምንት ታደለ ቋሚዎቹን ብየዳ ቤቱ ወስዶ ለእያንዳንዳቸው ሰፊ የብረት እግር በየደላቸው። አሁን ማንም ሳይዛቸው ይቆማሉ።

ለቤዛ በኩራት ነገርኳትና ጠየቅኳት። "ያ ክፉ ሰውዬስ? ልጅነቱ ከተነገረ በኋላ ማሩት አይደል?"

"ኧረ ገደሉት! ልጅነቱ የሚነገረው እኮ ሊሞት ሲል ነው።"

እንኳንም ተኛሁ።

ጉዳቱ ሳይኖር አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የሚቀር ሁሉ ልጅነቱን ይዞ ይመጣል። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባል የቀረበትን ምክንያት ከክርስትናው ቀን ጀመረ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና አራተኛ ክፍል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የታደለ እናት ዐረፉ። ዝናብም ንፋስም ነበር። እግር ያለው ቋሚ ያዥ አያስፈልገውም። ነስሩ ግን ሱቁን ዘግቶ መጣና አንዱን ቋሚ ይዞ እስኪመሽ ቆመ። ድንኳኑ አልወደቀም።