በቴሌቪዥን የሞቱት ጎረቤቴ

ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው ሌላ ሰው እንዳይሰማን ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚናዘዝ ዝነኛ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን ማይክራፎኑን ያስጠጉለታል። እኔ እዚህ ደብረ ታቦር ተግባቦት አስተምራለሁና በዚህ ጉዳይ ብዙ ማለት እችላለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝስ ብዙ ለማለት አይደል?

ጎረቤቴ እትዬ አትጠገብ በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ ሄዶ ስመ ጥር ተዋናይ ሆነ፤ ከሆነ በኋላም በተጠየቀ ቁጥር እናቱ ለዚህ መብቃቱን ሳታይ እንዳረፈችበት ይናገር ጀመር። ለምን? እኔ እንጃ። እናት የሌለው ተዋናይ ይበልጥ የሚወደድ መስሎት ይሆናል። እትዬ አትጠገብ ቴሌቪዥኑን የገዙት እሱን ለማየት ነበር፤ መሞታቸውንም ከዚያው ሰሙ።

ሐሙሲት ያሉት ዘመዳቸው አያ ሙላትም ሰሙ። መርዶ ሳይነገራቸው በመቅረቱ እያዘኑ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ በሚኒባስ መጡ። "እህቴን፣ እህቴን" እያሉ ሲደርሱ በሩን የከፈቱላቸው ሟቿ ናቸው። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ምን ይላል? እትዬ አትጠገብ "ይግቡ እንጂ፣ ከመጡማ" አሉና የራሳቸውን ለቅሶ ደራሽ ምሳ አብልተው ሸኙ። ስለ ልጃቸው ክፉ ቃል አልተነፈሱም።

በቅርቡ ልጁ እውነቱን ሊናገር ነው የሚል ማስታወቂያ ሲደጋገም ሰንብቶ ቀኑ ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ከእትዬ አትጠገብ ቤት ተሰበሰበ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ባለሙያ ነኛ።

ጠያቂዋ የተካነች ናት። ልጁ ገና ሳያለቅስ ሶፍቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ቀጥላ ዝም አለች። ዝምታ ትልቅ ዘዴ ነው፤ ተጠያቂው ስለሚጨንቀው ያልተጠየቀውን ሁሉ ይናገራል ብዬ ለጎረቤቶቼ በሹክሹክታ አብራራሁ። አብራራልን ያለኝ አልነበረም። ልጁ "እናቴ አልሞተችም" እንዳለ ማስታወቂያ ገባ፤ የሳሙና። እትዬ አትጠገብ ሳሙናውን እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

ሲመለሱ ውሸቱ ምን ያህል እንዳሠቃየው፣ እንቅልፍ ነስቶት እንደሆነ፣ አሁን ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው። እናትየዋ የት እንዳሉ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳላቸው አልጠየቀችም። በመጨረሻ እናቱ እያየችው ቢሆን ምን እንደሚላት ጠየቀችው። ወደ ካሜራው ዞሮ "እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አለና አለቀሰ። ሁላችንም ዞረን እትዬ አትጠገብን እያየን ዝም አልን፤ ያው ዘዴው መሆኑ ነው። እሳቸው "ከስቷል" ብቻ አሉ።

በማግስቱ ስልካቸው ሲጮኽ እዚያው ነበርኩ። ቁጥሩን ያልለወጡት፣ ልጃቸው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው። ፈጥነው አነሱት። ልጁ አይደለም፤ ከዝግጅቱ ክፍል የደወለ ትሑት ወጣት ነው። እናትና ልጅ ሲገናኙ እንደሚቀረጽ፣ እንባው ትኩስ እንዲሆን እስከዚያ ባይደዋወሉ ደግ መሆኑን አስረዳቸው። እትዬ አትጠገብ ረጋ ብለው፣ "ሲገድለኝ በካሜራ ገደለኝ፤ ሲያስነሳኝ እንኳ በሬን አንኳኩቶ ይምጣ" አሉት። ወጣቱም፣ በጣም የሚያምር ንግግር ነው፣ ይህንኑ ካሜራ ፊት ይደግሙልን ይሆን ሲል ጠየቀ። ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ገበያ መውጣት እንኳ ተዉ፤ መጥቶ ቢያንኳኳ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንበት። እኔም ሳልፍ ሳገድም በራቸውን ማየት ለመደብኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተንኳኳ። ሰምቼ ወጣሁ። እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሮጠው ከፈቱ። አያ ሙላት ነበሩ። ጋቢያቸውን ዛሬ አስተካክለው ለብሰዋል፤ ዶሮም አንጠልጥለዋል። ልጁ የተናገረውን ሰምተው፣ ለለቅሶው ደርሼ ለደስታው ብቀር ነውር ነው ብለው ነው የመጡት።

እትዬ አትጠገብ በሩን እንደያዙ ትንሽ ቆዩ። መንገዱን ከአያ ሙላት ትከሻ በላይ አዩት። ከዚያ "ይግቡ እንጂ፣ ከመጡማ" አሉ።

እኔም ተከትዬ ገባሁ። አያ ሙላት ተቀምጠው ቤቱን ዞር ዞር ብለው ቃኙና "ለመሆኑ ልጁስ የት አለ?" አሉ።

"ከዚያው ከቴሌቪዥኑ" አሉ እትዬ አትጠገብ፣ ዶሮዋን እየተቀበሏቸው።