ሐጂ ኑሩን ቻርጅ ያደረግን ዕለት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እውነት ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ተረቱ የዘነጋው የተወጋው ሰው ጎረቤቶች ምን ያህል እንደሚሰለቹ ነው። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ሳለ የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ ቦታ ለዲኑ የእህት ልጅ እንደተሰጠ በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ያልሰማ ቢኖር፣ ትናንት ከድንበሯ ገላባት የገባ እንግዳ ብቻ ነው። እሱም ስልኩ ባትሪ እስኪጨርስ ነው። አዎ፣ በምህንድስና ዲግሪዬ በሶላር የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ሳቁ እንጂ! ዲኑም ስቆብኛል።

ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ፣ ኦፕራሲዮን ተደርገውም ሕመሙ አልለቅ ቢላቸው ህንድ ሄዱ። እዚያ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ከቆዳቸው ሥር ቀበሩላቸው። ከእሷ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ህብለ ሰረሰራቸውን በኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ይነካካዋል። በኪስ በምትያዝ ሪሞት ትከፈታለች፣ ትዘጋለች።

«ዳኑ ታዲያ?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«የለም። ሕመሙ እዚያው አለ፤ ወሬው ነው የማይደርሰኝ።»

ቀናሁባቸው።

ችግሩ፣ መሣሪያዋም እንደ ስልክ ቻርጅ መፈለጓ ነው። ልጃቸውን በሚድሩበት ዕለት መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ ሰማዩም የክረምት ደመና ለብሷል። ጠዋት ወገባቸው ድርግም አለ። በሰው ትከሻ ተደግፈው ሱቄ ገቡና ገመድ አልጋዬ ላይ በሆዳቸው ተዘረሩ።

«ያ ኡስታዝ» አሉኝ፣ አንተ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ልጄን ተኝቼ ልዳራት?»

በሶላሩ ባትሪ የቀረችኝ ኃይል ትንሽ ናት። የተሰኩትን ስልኮች በሙሉ ነቀልኩና የሐጂን ቻርጀር ሰክቼ ጀርባቸው ላይ፣ ከመሣሪያዋ ትይዩ አስቀመጥኩት።

«ስልኬን ነቅለህ ሰው ትሞላለህ?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ሰርጉን ትበላ የለ!» አለው ሌላው። «ሐጂ፣ ስንት ፐርሰንት ደረሱ?»

«ወላሂ፣ ብነሳ በዱላ ነው የምነግርህ!»

ማታ ሐጂ ከድንኳኑ በር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንደ አገሩ የሰርግ ወግ ያንኑ ዱላ ከፍ አድርገው፣ ጣታቸውን እያጮሁ ሙሽራውን ተቀበሉ። እኔ ከሌላ ከተማ፣ ከሀዋታ፣ ከመጣው የሙሽራው አጎት ጎን ተቀመጥኩ። ሰውየው ሥራዬን ጠየቀኝ። «ነገሩ እንኳ፣ ዲኑ...» ብዬ ስጀምር፣ ሐጂ የወገባቸውን ሪሞት ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እኔ አነጣጠሩና ተጫኑት። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ፤ ነገሬንም ዋጥኩት።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። የሀዋታው ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ መጣ።

«ጊዜ ይወስዳል» አልኩት፤ «ቁጭ በል።»