የሶሪ ድንጋይ

ፈረንጅ ብልጥ ነው! ይቅርታን የሚያህል ከባድ ነገር በኪስ የሚያዝ አደረገውና ስሙን ሶሪ አለው። አውጥቶ ወርወር፣ መንገዱን ቀጠል! እኛም ተቀብለን እንጠቀምበታለን ብለን... ኧረ ጉዴን ስሙኝ!

እጮኛዬ የውብዳር የቡሬ ልጅ ናት። ሠርጋችን ደርሶ ነበርና አባቷን፣ ጋሽ እንዳላማውን፣ ልጠይቅ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሄድሁ። ሰውየው እንግዳ አክባሪ ናቸው፤ መጣ ሲሏቸው ጫማ እንኳ ሳያጠልቁ ደጅ ድረስ ወጡ። እኔም ጉልበት እስማለሁ ብዬ ዘው ስል፣ አዲሱ ጫማዬ አውራ ጣታቸው ላይ ዐረፈ።

"ሶሪ!" አልሁ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ! ጋሽ እንዳላማው ጣታቸውን ጨብጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"የረገጠኝ ሳያንስ ምን አለኝ?"

"ይቅርታ ነው ያለዎት፣ አባዬ።"

"ይቅርታማ አውቀዋለሁ! ይሄ በሁለት ፊደል ያለቀው ምንድን ነው? ይሄ ሳይጣራ ሠርግ የለም!"

በነጋታው ሽማግሌ ተቀመጠ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩና ቃሉን እንዲያስረዱ ተጠየቁ።

"በጥንቱ የቁስል ዘመድ ነው" አሉ መምህሩ። "አመመኝ፣ አዘንሁ እንደማለት።"

ጋሽ እንዳላማው ከመደቡ ብድግ አሉ። "የተረገጥሁ እኔ፣ የሚያመው እሱን?"

"ፈረንጅ እኮ ሰው ሲሞትም፣ ነገር ሳይሰማ ሲቀርም፣ በሰው መሀል ሲያልፍም ሶሪ ይላል።"

"ለለቅሶም ለማለፊያም አንድ ቃል? ምነው፣ ቃል ተወዶባቸው ነው?"

እናንተዬ፣ በሁለት ፊደል ሚስት ልጣ? የውብዳር ከጓዳ ሆና በዓይኗ ትገድለኛለች። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ፈረዱ፤ ቃሉ ክብደት ስለሌለው ድንጋይ ይጨመርበት! ባገራችን ደንብ በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ይወድቃል፤ ተበዳይም ድንጋዩን አንስቶለት ይቅር ይላል። እኔ ብልጡ፣ ከግቢው ካብ ለአንገቴ የምትስማማ ትንሽዬ መርጬ ብቅ ስል ሽማግሌው ሁሉ ጮኸ።

"ይችማ የሶሪዋ ናት! የይቅርታውን አምጣ!"

አመጣሁ። አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ዳግም እንዳልረግጥ ፈርቼ ጫማዬን አውልቄ ነበር፤ እንደዚያው በባዶ እግሬ ሄጄ "ስለ እግዜር ይማሩኝ!" ብዬ ከጋሽ እንዳላማው እግር ተደፋሁ። አንጀታቸውን በላሁት መሰለኝ፣ ድንጋዩን ከላዬ አነሱልኝ።

"ይቅር ለእግዜር! ሠርጉም በቀኑ ይሁን!"

እልልታው ቀለጠ። እሰይ! ደስታው አላስቀምጠኝ ብሎ ልስማቸው ብድግ ስል፣ ድንጋዩ ከእጃቸው አመለጠና... አውራ ጣቴ ላይ!

"እሪ!" አልሁ።

ጋሽ እንዳላማው ጣቴን አዩ። ሽማግሌዎቹን አዩ። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣

"ሶሪ!" አሉ።

ምን? በቃ? ይችው ናት? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ነገ ሽማግሌ እልክባቸዋለሁ፤ ሠርጉም ይቆይ። ድንጋዩን እንደሁ መርጬ ጨርሻለሁ።