ሳይጽፍ «ደርሷል» የሚል ማሽን

አስተናጋጅ ሳይጽፍ «እሺ» ሲላችሁ አትፈሩም? እኔ እፈራለሁ። የአምስት ሰው ትእዛዝ በጭንቅላቱ ይዞ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቢጠራውስ እያልኩ እጨነቃለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ፍርሃቱ አብሮኝ አልተወለደም። ሶዶ ውስጥ የአንድ አምቡላንስ ማሰማሪያ ቢሮ ኮምፒውተር የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከየጤና ኬላው «ወላድ አለች፣ መኪና ላኩ» የሚል መልእክት ይመጣል። ማሽኑ «ደርሷል» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ወይዘሮ አስቴር በተራ እየከፈቱ መኪና ይልካሉ።

ማሽኑ ደግሞ የመጣለትን መልእክት ሁለት ቦታ ይይዛል። ሚሞሪው ፈጣን ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉንም ይረሳል። ዲስኩ አይረሳም፣ ግን ቀርፋፋ ነው። አለቃችን «ይሄ ነገር ይጎተታል» እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ እኔ ብልጡ፣ መልእክቱን ሚሞሪ ላይ እያጠራቀመ በየደቂቃው አንዴ ብቻ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁት። ፈጠነ። ተመሰገንኩ። በአንድ ደቂቃ ምን ይመጣል ብዬ?

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። የማሽኑ ባትሪም ከሞተ ሰንብቷል። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ፣ ከመጥፋቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ደቂቃ ባዶ ነው። ምን እንደነበረበት በምን ልወቅ? የጠፋ መልእክት መጥፋቱን እንኳ አይናገርም።

ኬላዎቹ ጋ በተራ ደወልኩ። ልካችኋል? አልላክንም። ልካችኋል? አልላክንም። ልቤ መለስ ማለት ሲጀምር በዴሳ ከተማ በኩል ካለው ኬላ ላይ ደረስኩ። ባለሙያዋ ቀስ ብላ፣ «ልኬያለሁ እኮ፣ ደርሷል ብሎኛል» አለች። የወላዷ ጎረቤቶች በቃሬዛ ሊያወጧት ሲነሱ፣ መኪና እየመጣ ነው ብላ ያስቀመጠቻቸው ባለሙያዋ ራሷ ናት። ደም እየፈሰሳት ነው አለችኝ።

ወይዘሮ አስቴር ሹፌሩ ጋ ሮጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሆስፒታል ደርሰው እስኪደውሉ ድረስ እንደፈራሁት ፈርቼ አላውቅም። እናትም ልጅም ተረፉ።

አሁን ማሽኑ ዲስክ ላይ ሳይጽፍ «ደርሷል» አይልም። እንደገና ይጎተታል፤ አለቃችንም ይነዘንዛሉ።

በሳምንቱ የወላዷ ባል አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ቢሮ መጣ። ኬላ በኬላ የደወለው እሱ ነው ብለው እኔን አሳዩት። እጄን ይዞ፣ አንተ ባትኖር ሚስቴም ልጄም አይኖሩም ነበር፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርከው አለኝ። ሁሉንም ያበላሸው ይኸው እጅ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ።

«አሜን» አልኩ። ሙዙንም ተቀበልኩ።