ቆሞ ደብረ ማርቆስ የገባው መኪና

(ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ ከባድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል፤ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ግን አቅም የለውም። የጫነው ድንኳንና ወንበር ለሾፌሩ ለደመላሽ እህት ሰርግ ነው፤ ሰርገኛው ደብረ ማርቆስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደመላሽ ስልኩን ይዞ መሬት ላይ ቆሟል። ጓደኛው እንዳላማው ጋቢና ውስጥ ነው።)

እንዳላማው፦ በቀኝ እግሬ ነው በግራ?

ደመላሽ፦ በቀኝህ አልሁህ እኮ!

እንዳላማው፦ የቀኙ ጫማ ጭቃ ነው።

ደመላሽ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሴንሰር ጭቃ አይጠየፍም! ፔዳሉ ላይ ያለችው ሴንሰር ምን ያህል እንደረገጥህ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች፤ መኪናው ላይ የሰካኋት መሣሪያ ደግሞ ሰምታ በኔትወርክ ለስልኬ ትልካለች። በል እስከ ወለሉ እርገጥ!

እንዳላማው፦ ረገጥሁ።

ደመላሽ፦ ዜሮ! አልረገጠም ትላለች።

እንዳላማው፦ ውሸቷን ነው! እናቴ ትሙት ረግጫለሁ!

ደመላሽ፦ ልቀቅ እስቲ።

እንዳላማው፦ ለቀቅሁ።

ደመላሽ፦ ሰባ በመቶ! ሲረግጧት ዝም፣ ሲለቋት ጩኸት!

እንዳላማው፦ ተቀይማ ይሆናላ። ይቅርታ ልጠይቃት?

ደመላሽ፦ ሴንሰሯ ተበላሽታለች፣ አለቀ! ቆይ… ፍጥነት አርባ?

እንዳላማው፦ የማን?

ደመላሽ፦ የኛ ነዋ! እየሄድን ነው! ፍሬን ያዝ!

እንዳላማው፦ (ፍሬኑን ረግጦ በመስኮት እያየ) ኧረ ባሕር ዛፉ እዚሁ ነው።

ደመላሽ፦ ስልሳ ገባ! ዛፍ ታምናለህ መሣሪያ?

እንዳላማው፦ አንተስ መሬት ላይ ቆመህ እንዴት አላመለጥንህም?

ደመላሽ፦ (እግሩን አየት አድርጎ) መሣሪያ አይሳሳትም! ይኸው ካርታውም ደብረ ማርቆስ ገብታችኋል እያለ ነው።

እንዳላማው፦ እሰይ! (ወርዶ ዕቃውን ማራገፍ ይጀምራል። ደመላሽ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ወንበሩ ሁሉ መንገድ ዳር ተደርድሮ ያልቃል።)

ደመላሽ፦ (ቀና ብሎ) ምን እየሠራህ ነው?!

እንዳላማው፦ ደርሰናል አላልህም?

(የደመላሽ ስልክ ይጠራል፤ የደወለው ሌላ የጭነት መኪና ሾፌር አበረ ነው።)

ደመላሽ፦ ሃሎ አበረ… ምን? መሣሪያዬ ያንተ መኪና ላይ? ጠዋት ደምበጫ ላሳይህ ብዬ የሰካኋት?… ደብረ ማርቆስ ገብተሃል? (ፊቱ አመድ ይመስላል።)

እንዳላማው፦ አበረ ጠዋት እኮ «መሣሪያዋን ረስቷት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

ደመላሽ፦ ምን አልኸው?

እንዳላማው፦ «ደመላሽ እንደኔ ነው እንዴ የሚረሳው? የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» አልሁት።

ደመላሽ፦ (ወደ ስልኩ) አበረ፣ ባዶህን ነህ?… በወላዲት፣ ተመለስና ይኼን ዕቃ አድርስልኝ! (ይዘጋል) መጣልን! ተነሥ፣ ሲደርስ ቶሎ እንጭናለን!

እንዳላማው፦ (አንዱ የሰርግ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ) እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ አራግፌ ጨርሻለሁ። አንተ አሁን የምትጭነው ወዴት ነው?